የአሜሪካ ደቡብ ባርቤኪው ቤት ገብቶ መብላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ የምንኖር ሰዎች መኪና እየነዳን የእንጨት ጭስ ሳይሸተን የምናልፍበት ሳምንት የለም። ከዚያ ጭስ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ የሰፈር ቤት አለ። ደጁ ላይ ፍልጥ ተከምሯል፣ ከጓሮ ጥቁር የብረት ምድጃ ይታያል፣ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ብዙ አበሻ ግን ለዓመታት በደጁ እያለፈ አይገባም። ምክንያቱ ይገባኛል። ሜኑው ግራ ያጋባል፣ የአሳማው ነገር ያሰጋል፣ ተራ ደርሶ ካውንተሩ ጋ ሲቆሙ ምን እንደሚባል አይታወቅም። እኔ ቴክሳስ ከመጣሁ ጀምሮ ከሰፈሬ ባርቤኪው ቤት አልጠፋሁም፤ አዲስ የመጣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ይዤ በሄድኩ ቁጥር የምሰማቸው ጥያቄዎች ያው ናቸው። እዚህ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። ልኳንዳ ቤት ቆመን «ከዚህ ጋ ቁረጥልኝ፣ ጮማውን ጨምርበት» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ከምናስበው በላይ ይህን ምግብ እናውቀዋለን።

ባርቤኪው ማለት ቅዳሜ ጓሮ የምንጠብሰው አይደለም እንዴ?

አይደለም። ፍም ላይ ጥደን በ10 ደቂቃ የምናወርደው እዚህ ግሪል ነው የሚባለው። የደቡብ ሰው ባርቤኪው ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ነው። እሳቱ ከስጋው ራቅ ብሎ ይነዳል፤ ስጋውን የሚያበስለው ነበልባሉ ሳይሆን ሙቀቱና ጭሱ ነው። የምድጃው ሙቀት ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ዳቦ ከምንጋግርበት በጣም ያነሰ። ስለዚህ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ብሪስኬት ከ10 እስከ 16 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይቆያል፤ እናንተ ለምሳ የምትበሉትን ስጋ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንጨት እየጨመረ ሲጠብቀው አድሯል ማለት ነው። ያንን ሰው ፒትማስተር ይሉታል።

ብሪስኬት የእኛው ፍርምባ ነው። በሬው ክብደቱን የሚሸከመው ደረቱ ላይ ስለሆነ ፍርምባ ጅማታም ነው፣ ቶሎ ከጠበሱት አይታኘክም። ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ ግን ጅማቱ ይቀልጥና ስጋውን ከውስጥ ያረጥበዋል። ያ ጠንካራ ስጋ በጣት የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

እንጨቱም ጣዕሙን ይለውጣል። መካከለኛው ቴክሳስ ላይ ኦክ ይነዳል፣ ወደ ምሥራቅ ሂኮሪና ፒካን፣ ወደ ምዕራብ ሜስኪት የሚባለው እሾሃማ ዛፍ። (ሜስኪት አፋርን የወረረው የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው።) ለእኛ ጭስ በምግብ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው፣ ከዚያ ዕቃ የተቀዳ እርጎ የጠጣ ሰው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርስ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

የአሳማ ስጋ አልበላም። ምን ማዘዝ እችላለሁ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ደስ የሚለው። ቴክሳስ የበሬ አገር ነው። ብሪስኬት ምንጊዜም የበሬ ነው። ቾፕድ ቢፍም የተከተፈ የበሬ ስጋ ነው። በጭስ የበሰለ የተርኪ ደረት በየቤቱ አለ፣ ዶሮም አለ። «ቢፍ ሪብ» የሚባለው ትልቁ የበሬ ጎድን ደግሞ አንዱ ብቻ ከአጥንቱ ጋር ግማሽ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ብዙ ቤቶች የሚሠሩት ቅዳሜ ብቻ ነው።

አሁን ጥንቃቄው። ሜኑ ላይ «ሪብስ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የአሳማ ጎድን ነው። የበሬ ከሆነ «ቢፍ» የሚለው ቃል ይጨመርበታል። ሰሜን ካሮላይና ከሄዳችሁ ደግሞ «ባርቤኪው» የሚለው ቃል ራሱ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ የአሳማ ስጋ ማለት ነው። አንድ ሳንዱች ባርቤኪው ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚመጣላችሁ አሳማ ነው።

ቋሊማው ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ውስጡ ምንድን ነው? የበሬ፣ የአሳማ ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የተጠቀለለበት አንጀት የማን ነው? ስጋው ንጹህ የበሬ ሆኖ ሽፋኑ የአሳማ አንጀት የሆነ ቋሊማ በጣም የተለመደ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን ማባያው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አንድ ባርቤኪው ቤት ወሰድኳት። ትሪው ላይ ጎመን ስታይ ፊቷ በራ። እዚህ ኮላርድ ግሪን የሚሉት ነው፤ መልኩም ጣዕሙም የእኛን ጎመን ስለሚመስል በውጭ የምንኖር አበሾች ጎመናችንን የምንሠራው በእሱ ነው። «አገሬ ያለሁ መሰለኝ» አለችኝ፣ ከስጋው አስቀድማ እሱን በላች። ሊያልቅ ሲል ከሥሩ ቀላ ያለች የስጋ ቁራጭ አየሁ። ሄጄ ጠየቅኩ። የአሳማ ቁርጭምጭሚት ተጨምሮበት የተቀቀለ ነበር። ቤቱ ላይ ጥፋት የለም፣ ደቡብ ውስጥ ጎመን ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እማዬ ሹካዋን አስቀመጠችና ዝም አለች። «ልጄ፣ አላወቅንም፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ነው ያለችኝ። ለነፍስ አባቷ እስክትነግር ድረስ ግን ልቧ አላረፈም። አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ይህን ገጽ እንድጽፍ ያደረገኝም በዋናነት ያ ቀን ነው።

ስለዚህ እነዚህን ሳትጠይቁ አትብሉ፦ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ባቄላ (ቤክድ ቢንስም ፒንቶም)። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ቤከን ወይም ሌላ የአሳማ ቁራጭ አለባቸው። የድንች ሰላጣ ላይ ቤከን የሚበትኑ አሉ። የበቆሎ ዳቦ በአሳማ ስብ የሚጋግሩ አሉ። ጆርጂያ ያላችሁ ደግሞ ብራንስዊክ ስቱ የሚባለውን ወጥ ተጠንቀቁ፤ በቆሎና ቲማቲም ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የተዘነጠለ የአሳማ ስጋ ይገባበታል። ማካሮኒ በቺዝ፣ ኮልስሎው (የጥቅል ጎመን ሰላጣ) እና የተጠበሰ ባሚያ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን መጠየቅ አይከፋም።

ቢላዋውና መቁረጫ ጣውላውስ? በአብዛኛው ቤት ሁሉም ስጋ አንድ ምድጃ ውስጥ ያድራል፣ አንድ ጣውላ ላይ ይቆረጣል። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ «እባክህ ንጹህ ጣውላና ቢላዋ ተጠቀምልኝ፣ አሳማ አልበላም» በሉ። ብዙ ጊዜ ጠይቄ አንድም ሰው ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም፤ ጓንቱን ለውጦ የቆረጠልኝ ግን ብዙ ነው። ምድጃውን ግን ሊለይላችሁ አይችልም፣ እሱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ሙስሊም ነኝ። የበሬውን ብቻ ባዝ ችግር አለው?

ተራው ባርቤኪው ቤት የሚገዛው ስጋ ሐላል አይደለም፣ ብሪስኬቱም ጭምር። ዳላስ፣ ፎርት ወርዝና ሂውስተን አካባቢ ግን በቴክሳስ አሠራር የሚያጨሱ የሐላል ቤቶች አሉ፤ የደቡብ እስያና የአረብ ቤተሰቦች የከፈቷቸው ብዙ ናቸው። የመስጊዳችሁን ሰዎች ጠይቁ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቤቱ ስትደርሱም ስጋው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፣ በትክክል የሚሠራ ሰው በደስታ ይነግራችኋል።

በጾም ቀን መሄድ ይቻላል?

ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል። ማባያው ሁሉ የጾም ይመስላል፣ አይደለም። ኮልስሎው ውስጥ ማዮኔዝ አለ፣ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል ነው። ስኳር ድንቹ ቅቤ አለው። ባሚያው ብዙ ጊዜ አሬራ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚጠበሰው። የሚተርፋችሁ ኮምጣጤ የገባበት ኪያር፣ ሽንኩርትና ነጭ ዳቦ ነው። የሥራ ባልደረቦች ጋብዘዋችሁ መቅረት ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ በልታችሁ ሂዱ፣ ሻይ ይዛችሁ ተጫወቱ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ አየሩም ገና አልከበደም፣ ውጭ ተቀምጦ ለመብላት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ተራዬ ሲደርስ ምን ልበል?

ይሄኛው የልኳንዳ ቤት ልጆች ጥያቄ ነው፣ እወደዋለሁ።

በብዙ የቴክሳስ ቤቶች አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ አይመጣም። ተሰልፋችሁ መቁረጫው ጋ ትደርሳላችሁ፤ የሚቆርጠው ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሟል፣ ስጋውን ታያላችሁ። የሚሸጠው በፓውንድ ነው። አንድ ፓውንድ 453 ግራም ነው፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያነሰ። ብሪስኬት ስትሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ሊን ወይስ ሞይስት?» ብሎ ነው። ሊን ቀዩ ነው፣ ሞይስት ጮማው። አንዳንዱ ሞይስት በማለት ፋንታ «ፋቲ» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጮማውን እዘዙ፣ ወይም «ግማሽ በግማሽ» በሉት። ቀዩ ጥሩ ቤት ካልሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ጮማው ግን ይቅር ባይ ነው።

ቆራጩን አታፍሩት። «ከዚህ በኩል» ብላችሁ በጣታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቁር ቅርፊት ከወደዳችሁ «ከጫፉ ጨምርልኝ» በሉ። ሰልፉ ቀዝቀዝ ካለና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደመጣችሁ ከነገራችሁት ብዙዎቹ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ያቀምሷችኋል። ካውንተሩ ላይ ያለችው ሴትዮ «ሃኒ» ወይም «ቤቢ» ብላ ብትጠራችሁ እኛ «የኔ እናት፣ የኔ ጌታ» እንደምንለው ነው። እናንተም «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» በሉ፤ ደቡብ ውስጥ ይህቺ አክብሮት ትልቅ ቦታ አላት፣ አንቱታን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይቸገርባትም።

ስጋው ቡናማ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ይመጣል። ከጎኑ ነጭ ዳቦ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ኮምጣጤ የገባበት ኪያር ይኖራል፤ እነዚህ ብዙ ቦታ በነጻ ናቸው፣ ጮማውን ስለሚቆርጡላችሁ አትተዋቸው። ስዊት ቲ የሚባለው ቀዝቃዛ ሻይ በጣም ጣፋጭ ነው፣ ስኳር የሚጠነቀቅ ሰው «አንስዊት» ይበል።

ለስንት ሰው ስንት ይበቃል?

ለአንድ ሰው ሲሶ ፓውንድ ከማባያ ጋር ይበቃል፣ ስጋ ወዳድ ከሆነ ግማሽ። ለአራት ሰው አንድ ተኩል ፓውንድ ስጋና ሦስት ማባያ አዝዛችሁ መሐል አድርጋችሁ ብሉ። እዚህ ሰው የየራሱን ትሪ ይይዛል፣ ግን በአንድ ትሪ ብትበሉ ማንም አይገረምም። ትሪ ላይ በጋራ መብላት ለዚህ ምግብ ይመቸዋል። በእጅ መብላትም ችግር የለውም፤ ሎክሃርት የሚገኘው ክራይትስ ማርኬት እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ ቤት ነው፣ ለብዙ ዘመን ሶስም ሹካም ባለመስጠት ነው የታወቀው።

ላዩ ከሰል መስሏል፣ ውስጡ ደግሞ ቀይ ነው። ተቃጥሏል ወይስ አልበሰለም?

ሁለቱም አይደለም። ጥቁሩ ቅርፊት «ባርክ» ይባላል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተለውሶ ከስጋው ስብና ከጭሱ ጋር ለሰዓታት ሲደርቅ የሚፈጠር ነው። ቅመሱት፣ አይመርም። የሚመር ከሆነ እሳቱ በደንብ አልነደደም፣ ጭሱ ቆሽሾ ነበር ማለት ነው።

ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ሮዝ መስመር ደግሞ ደም አይደለችም። ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ከስጋው ቀይ ቀለም ጋር ተዋህዶ ቀለሙ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ ነው። ብሪስኬት ከምድጃ ሲወጣ ውስጡ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሷል፣ በደንብ የበሰለ ነው። በጭስ የበሰለ ዶሮም አጥንቱ አካባቢ ሮዝ ሊሆን ይችላል፤ እናቶቻችን አይተው «መልሰው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዶሮ ላይ ጥርጣሬ ከገባችሁ ግን ጠይቁ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለኩላችኋል።

ለምንድን ነው ዋጋው እንዲህ የሚወደደው?

ስጋው ምድጃ ውስጥ ስለሚቀልጥ። አንድ ብሪስኬት ስቡ ተከርክሞ፣ ውሃው ተንኖ፣ ጮማው ቀልጦ ሲወጣ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ክብደቱ ጠፍቷል። ባለቤቱ ሲገዛ የከፈለው ለሙሉው ነው። በዚያ ላይ እንጨቱ አለ፣ ሌሊቱን የሚያድር ሰው ደመወዝ አለ። ስማቸው በወጣ የቴክሳስ ቤቶች አንድ ፓውንድ ብሪስኬት ከ30 ዶላር በላይ ይሸጣል። የሰፈር ቤቶች ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። ዋጋው ከከበዳችሁ የቾፕድ ቢፍ ሳንዱች እዘዙ። ከዚያው ብሪስኬት የተረፈው ተከትፎ ነው የሚሠራው፣ ጣዕሙ አይቀንስም።

ቲፕ፦ ራሳችሁ ካውንተር ላይ ካዘዛችሁ የፈለጋችሁትን፣ ጥቂት ዶላር ይበቃል። አስተናጋጅ ካስተናገደቻችሁ ከ15 እስከ 20 በመቶ።

ከሥራ በኋላ 12 ሰዓት ላይ ሄድኩ፣ «አልቋል» አሉኝ። ለምን ተጨማሪ አይሠሩም?

አይችሉም። ዛሬ የሚሸጠው ትናንት ማታ የገባው ነው። ካለቀ አለቀ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ማድረስ አይቻልም። ለዚህ ነው ብዙ ጥሩ ቤቶች ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከፍተው ስጋው ሲያልቅ የሚዘጉት። ሌክሲንግተን፣ ቴክሳስ ያለው ስኖውስ በሳምንት አንድ ቀን ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም በጠዋት ነው የሚከፍተው። እሳቱ ላይ በመቆም የታወቁት ቱትሲ ቶማኔትዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ ሴት ናቸው፤ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው አካፋ ይዘው ፍም ሲያዛውሩ ያየ ሰው ለዚህ ሥራ ያለው አመለካከት ይለወጣል።

ምክሬ፦ ምሳ ሰዓት ሂዱ። ሰኞ ብዙ ቤት ዝግ ነው። በዓል ወይም ልደት ካላችሁ ከቀናት በፊት ደውላችሁ ሙሉ ብሪስኬት ማዘዝ ትችላላችሁ።

ሶሱን ላፍስበት?

መጀመሪያ ያለ ሶስ አንድ ጉርሻ ብሉ። ያ ሰው ሌሊቱን የደከመበትን ቅመሱለት። ከዚያ በኋላ እንደ ምርጫችሁ።

ሶስ አገር አለው። ምሥራቅ ሰሜን ካሮላይና ላይ ኮምጣጤና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ብቻ ነው፣ ቀጭን። በዚያው ግዛት ወደ ምዕራብ፣ ሌክሲንግተን የምትባል ሌላ ከተማ አካባቢ፣ ትንሽ ቲማቲም ይገባበታል። ደቡብ ካሮላይና ላይ ቢጫ የሰናፍጭ ሶስ አለ። እኛ ቁርጥ በሰናፍጭ የምንበላ ሰዎች ይህን መቅመስ አለብን፣ ጣፋጭነቱ ይበዛል እንጂ ዘመዳችን ነው። አላባማ ላይ ነጭ ሶስ አለ፣ በማዮኔዝና በኮምጣጤ የተሠራ፣ ለዶሮ። ካንሳስ ሲቲ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው አብዛኛው ሶስ እሱን የሚመስል ነው። ሜምፊስ ላይ ጎድኑን በደረቅ ቅመም ብቻ የሚበሉ አሉ። ኬንታኪ ውስጥ ኦወንስቦሮ የምትባል ከተማ ደግሞ የምትታወቀው በበግ ባርቤኪው ነው፤ በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ እንዳያመልጣችሁ።

አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ በቦርሳ ይዞ መሄድ ነውር ነው ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አይደለም። እኔ ትንሽ የሚጥሚጣ ዕቃ መኪናዬ ውስጥ አለች። አንድ ጊዜ ቆራጩ አይቶ አቅምሰኝ አለኝ፣ ብሪስኬት ላይ ነስንሼ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ስሜን ይጠራል።

ይህ ምግብ የማን ነው? ማን ጀመረው?

ቃሉ የመጣው ከካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ነው፣ ስፔኖች «ባርባኮዋ» ብለው ወሰዱት። ደቡብን ደቡብ ያደረገውን ባርቤኪው ግን በአብዛኛው የሠሩት በባርነት የነበሩ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ እንጨቱን የፈለጡት፣ ሌሊቱን እሳት የጠበቁት እነሱ ነበሩ፤ በድግሱ የሚጠቀሰው ግን የባለ ርስቱ ስም ነበር። ነጻነት በቴክሳስ ጋልቨስተን የታወጀው እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1865 ነው። ቀኑ ጁንቲንዝ ይባላል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰው ተሰብስቦ ባርቤኪው እየበላ ያከብረዋል። ካንሳስ ሲቲን የባርቤኪው ከተማ ያደረገው ሄንሪ ፔሪም ከቴነሲ የሄደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። መካከለኛው ቴክሳስ ላይ ደግሞ የጀርመንና የቼክ ልኳንዳ ነጋዴዎች ያልተሸጠውን ስጋ እያጨሱ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡ ነበር፣ የዛሬው ቡናማ ወረቀት ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሰፈራችሁ ውስጥ በጥቁር ቤተሰብ የሚመራ የቆየ ባርቤኪው ቤት ካለ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ። ብዙዎቹ ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም፣ የሚኖሩት በሰፈር ሰው ነው።

አበሻ የሚሠራው ባርቤኪው የለም?

አለ። ፋሲካ ሂክስ የምትባል ኢትዮጵያዊትና ባለቤቷ ፓትሪክ በምግብ መኪና ጀምረው አርሊንግተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ስሞክ ኤን አሽ የሚባል ቤት ከፈቱ። ጎድን በአዋዜ፣ በጭስ የበሰለ ስጋ በእንጀራ ላይ፣ ከጎኑ የእኛ ወጦች። ሁለቱን ምግቦች ለማቀራረብ ምንም አላስገደዱም፣ ድሮም የተቀራረቡ ነበሩ። ራቅ ካለ ቦታ የምትነዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ጥሩ ቤት መሆኑን በምን ልወቅ?

ከመግባታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። ፍልጥ አለ? ካለ አመድም አለ? ፍልጡ ለጌጥ ተደርድሮ ምድጃው በጋዝ ብቻ የሚሠራበት ቤት አጋጥሞኛል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ቀጭንና ሰማያዊ ቢጤ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ነጭና ወፍራም ከሆነ ስጋው ይመራል።

ብሪስኬቱ ሲመጣ አንዱን ቁራጭ በጣታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። ሳይበጠስ መታጠፍ አለበት፣ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ደግሞ መለየት። ገና ሲነሳ ከተፈረፈረ ከልክ በላይ በስሏል፣ እንደ ጎማ ከተሳበ ገና ነው። ጎድን ላይ «ስጋው ከአጥንቱ ይወድቃል» ተብሎ ይመሰገናል፣ ሙያተኞቹ ግን በዚህ አይስማሙም። ስትነክሱት የነከሳችሁት ቦታ ብቻ ከአጥንቱ በንጽህና ሲለቅ ነው ትክክለኛው።

ሁሉም ስጋ በሶስ ተጥለቅልቆ የሚመጣበት ቤት ላይ እኔ አልመለስም። ሶሱ የሚደብቀው ነገር አለ።

የተረፈውን ምን ላድርግ?

በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፣ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ማይክሮዌቭ ያደርቀዋል። በፎይል ጠቅልላችሁ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ፣ ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

እኔ ቤት ግን የተረፈ ብሪስኬት እንደዚያ ለማሞቅ አይደርስም። ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላሉ። ብሪስኬቱን በትንንሹ ከትፋችሁ ጮማውን አስቀድማችሁ ጨምሩ፣ ሲቀልጥ ቅቤ አያስፈልጋችሁም። አንድ ማንኪያ በርበሬ፣ ትንሽ ውሃ፣ ቃሪያ። ጨው አትጨምሩ፣ ቅርፊቱ ላይ ያለው ይበቃል። ከዚያ የትናንቱን እንጀራ ፈርፍሩበትና ክዳኑን ከድናችሁ እሳቱን አጥፉ፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ታገሱት፣ እንጀራው ጭሱን እስኪጠጣ።